ተፋትቻለሁ፤ እቆርባለሁም

ትዳሬ ፈርሷል። በፍርድ ቤት፣ በማኅተም፣ በወረቀት። ካቶሊክ ነኝ። በየእሑዱ እቆርባለሁ።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተለወጠ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ካህኑን ደብቄ የምቀበል ይመስለዋል። ሕጉም አልተለወጠም፤ እኔም ከማንም አልደበቅኩም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በቁምስናችን፣ ማለትም በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ የማየው ነገር ነው። ትዳሩ የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል። ቀጥሎ በር ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። ከዚያ ይቀራል። ያባረረው የለም። ማንንም ሳይጠይቅ “ለኔማ አይፈቀድም” ብሎ በራሱ ላይ ፈርዶ ነው። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ ምንም የማያግዳቸው አሉ። ይሄ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የደረሰብኝንም የተማርኩትንም እንዳለ ልንገራችሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አዲስ አበባ እዚህ ጋ ታልቃለች ቢባል ያስኬዳል። ያደግኩት ግን ጉራጌ፣ እምድብር አካባቢ፣ ካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ያገባሁትም እዚያው፣ በግእዝ ሥርዓት፣ በተክሊል ነው። ሁለታችንም ወደን ነው የተጋባነው። ልጅ ወለድን። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሰን ደስ አለን፤ የባንኩ ዕዳ ግን ከበደን። ባለቤቴ ቤይሩት ሄዳ ለመሥራት ወሰነች። ተመካክረን ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። የልጄ እናት ናት፤ በክፉ ላነሳት አልፈልግም። ስትመለስ ከእኔ ጋር መኖር እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልሆነም። የቤተሰብ ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ ለየብቻም አብረንም አነጋገሩን፣ እንድናስብበትም ጊዜ ሰጡን። በስምምነት ለሚፋቱ ሰዎች ሕጉ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ይፈቅዳል። ጊዜው አለፈ፤ ሐሳቧ አልተለወጠም። ውሳኔው ተጻፈ። ልጄ ከእኔ ጋር እንድትኖር ተስማማን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። በአገራችን ሕግ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በመንግሥት ዘንድም የጸና ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸሙትን ሁሉ እኩል ያውቃቸዋል። ስለዚህ በተክሊል ያገባ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ሊፋታ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ግን የሚፈታው በመንግሥት ዘንድ ያለውን ትስስር ነው፤ ንብረቱን፣ የልጅ አስተዳደጉን፣ ቀለቡን። ተክሊሉን ሊፈታ አይችልም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቀረው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ መጀመሪያ የነካኝ የእድሩ ነገር ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ “የባለቤትህን ስም ልሰርዘው ወይስ ይቆይ?” አለኝ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ሥራው ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። “ይቆይ” አልኩት።

ከዚያ ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ መጡ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጄን እንደ ልጅ ልጃቸው ነው የሚያዩአት። ቡና አፍልተው፣ ልጅቷን ውጪ እንድትጫወት ልከው፣ “እንግዲህ ልጄ፣ ቁርባኑም ቀረብህ በለኛ” አሉኝ። ሐዘናቸው ከልብ ነው። እርሳቸው በሚያውቁት ሥርዓት በቁርባን የተጋባ ሰው ትዳሩን ካፈረሰ ነገሩ ከባድ ነው። ቁርባንና የትዳር ጽናት በሰዉ አእምሮ ውስጥ አንድ ላይ ታስረዋል። ሰፈራችን ደግሞ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ነው። እኛ ካቶሊኮቹ ጥቂት ስለሆንን የራሳችንን ትምህርት ሳናውቅ የጎረቤታችንን እንወስዳለን።

የባሰብኝ ግን ከራሳችን ሰው የሰማሁት ነው። በቁምስናችን ብዙ ያገለገለ ሰው ጎተት አድርጎኝ “ለጊዜው ባትቀርብ ይሻላል፤ ሰው ያወራል” አለኝ። የዚያን እሑድ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ቅዳሴው እንዳለቀ አባን ፈልጌ “ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ” አልኳቸው። “ሐሙስ ከሰዓት ና” አሉኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። ቢሮ የሚባል የላቸውም። ከዕቃ ቤቱ ጎን፣ ጥላው ያለበት ጋ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ተቀመጥን። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የንብረት ክፍፍሉን ሳይቀር። አጣጥፈው መለሱልኝ።

“ሌላ አግብተሃል?”

“ኧረ የለም አባ።”

“አብራህ የምትኖር ሴት አለች?”

“የለችም።”

“ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትገናኛለች?”

“ተመልሳ ሄዳለች። በኢሞ ይነጋገራሉ።”

“ስልኩን ደስ እያለህ ነው የምትሰጣት?”

ዝም አልኩ።

“እሱን በኑዛዜ እናየዋለን” አሉኝ። “ከቁርባን የሚያግድህ ነገር ግን አላየሁብህም።”

እንዳልሰማ ሰው “ተፋትቻለሁ እኮ አባ” አልኳቸው።

“የተፋታኸው በመንግሥት ፊት ነው። በቤተ ክርስቲያን ፊት ዛሬም ባለትዳር ነህ። እንደ ባለትዳር እየኖርክ ነው ወይስ አይደለም? እኔ የምጠይቅህ እሱን ነው።”

ይህ አባባል በሁለት በኩል ነው የገባኝ። አንደኛው ደስ አሰኘኝ፤ ሌላኛው አስደነገጠኝ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ተጠማቂዎች መካከል በትክክል የተፈጸመና ባልና ሚስቱም በአንድ አልጋ ያጸኑት ጋብቻ ከሞት በቀር ምንም አይፈታውም ብላ ታምናለች። ጳጳስም ቢሆን አይፈታውም። እንግዲህ ጋብቻው በእግዚአብሔር ፊት አልፈረሰም ካልን፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በራሱ ቁርባን የሚከለክል ነገር አይደለም። ሰውዬው ሌላ ትዳር እስካልመሠረተ ድረስ ለቃል ኪዳኑ ታማኝ ነው። ሌላ ማግባት የማልችለውም በዚያው ምክንያት ነው። መቁረቤም፣ ሌላ አለማግባቴም ከአንድ እምነት ይመነጫሉ። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልችልም። “ቤተ ክርስቲያን የተፋታ ሰው ትጠላለች” የሚል ሰው ይህን አልተረዳም። “ቤተ ክርስቲያን አሁን ፍቺ ፈቅዳለች” የሚልም እንደዚሁ።

አባ በቃል ብቻ አልተዉትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በሚባለው የእምነት ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ አሳዩኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ነው። ቁጥር 2383 ላይ፣ የፍርድ ቤት ፍቺ የሕግ መብትን፣ የልጆችን አያያዝ ወይም የውርስ ንብረትን ለማስጠበቅ ብቸኛው መንገድ ከሆነ ሊታገሡት የሚቻል ነገር ነው፣ ኃጢአትም አይሆንም ይላል። ቁጥር 2386 ደግሞ ከባልና ሚስቱ አንዱ በፍቺው የተበደለ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሳል። ለቃል ኪዳኑ ለመታመን የደከመና በግፍ የተተወ ሰው፣ ትዳሩን በገዛ ጥፋቱ ካፈረሰ ሰው ጋር አንድ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ቃለ ምዕዳንም፣ ተፋትቶ ሌላ ያላገባ ሰው ምስጢራትን ለመቀበል እንቅፋት እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጠዋል።

“ትዳሩን ያፈረስኩት እኔ ብሆንስ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። እሱም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም። ግን ንስሐ አለ። ኑዛዜ መግባት፣ የበደሉትን ይቅርታ መጠየቅ፣ የሚጠገን ካለ መጠገን። ቀለብ የተፈረደበት አባት ቀለቡን እያስቀረ ወደ መንበረ ታቦቱ ሊቀርብ አይገባም። ይህን የምለው በርካታ እናቶች በዚህ ሲንገላቱ ስላየሁ ነው።

ቀጣዩ እሑድ ቆረብኩ። ለካ ከባዱ ፈተና ገና ነበር። መስቀል ደረሰ።

ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ አለመግባት የለም። ልጄን ይዤ ገባሁ። ቤት ውስጥ ማንም ስለሚስቴ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም ሰምቷል። ክትፎው ቀርቦ እንኳን ዝምታው ይከብድ ነበር። በማግስቱ ቅዳሴ ሄድን። ለቁርባን ስነሳ ከጎኔ ያለችው እናቴ የጋቢዬን ጫፍ ያዘች። “ልጄ፣ ቆይ” አለችኝ በሹክሹክታ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዳያዋርደኝ ፈርታ ነው። ምናልባትም ለነፍሴ ፈርታ። ጎንበስ ብዬ “አባ ፈቅደውልኛል፤ አትፍሪ” አልኳት። ለቀቀችኝ።

ቤት ስንገባ ምንም አላለችም። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። የአገሩን ቆሞስ ራሷ ጠየቀቻቸው። ያው ነገር ነው የተነገራት። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ የሚያጉረመርም ሲኖር መልስ የምትሰጠው እሷ ሆነች። “አላገባም እኮ! ምን አድርጎ ይከልከል?” ትላለች።

ከዚህ የምመክራችሁ፣ ለቅርብ ቤተሰባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። የፍቺውን ጣጣ ሁሉ መተረክ አይጠበቅባችሁም። “ካህኑን ጠይቄአለሁ፤ ይቻላል ብለውኛል” ማለት ይበቃል። የሚጠራጠር ካለ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ። አገር ቤት ቀድሜ ባስረዳ ኖሮ እናቴ ያን ያህል አትጨነቅም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ።

ከጊዜ በኋላ አንዲት ሴት አወቅኩ። ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ጨዋ ሰው ናት። ልጆቻችን አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ተግባባን። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም ገባን። እሷ ነፃ ናት፤ እኔ ነፃ አይደለሁም። አባ ጋ ተመለስኩ። “ጋብቻህ ከመጀመሪያው የጸና እንደሆነ የሚመረመርበት መንገድ አለ” ብለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ያጠኑ ካህን ዘንድ ላኩኝ።

ይህን መንገድ ሰው “የካቶሊክ ፍቺ” ይለዋል። አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የነበረ ጋብቻ አታፈርስም። የምትመረምረው ቃል ኪዳኑ በተሰጠበት ሰዓት እውነተኛ ጋብቻ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ሠርጉ ቀን ይመለሳል። ማን ነው ሠርጉን የፈለገው? የተገደደ አለ? ከባድ ነገር የደበቀ አለ? ከመጀመሪያው ልጅ ላለመውለድ ወይም ላለመታመን ወስኖ የገባ አለ? ቃል ኪዳኑን ለመረዳትና ለመሸከም የማይችል ሁኔታ ላይ የነበረ አለ? በአገራችን ጠለፋ ነበር፤ አባት በጉልበት የዳራት ልጅ አለች፤ ለቤተሰብ ዕርቅ ተብላ የተሰጠች አለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ ሰዎች ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሄዳችሁ ተናገሩ። ከሠርጉ በኋላ የመጣ ጸብ፣ ስደት፣ መጠጥ ወይም ክህደት ግን በራሱ ጋብቻው አልነበረም አያሰኝም። ያኔ የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ ከሆነ ብቻ ነው የሚታየው።

ካህኑ ሰፊ ጊዜ ሰጥተው ጠየቁኝ። ሁሉንም በእውነት መለስኩ። ወደን ነው የተጋባነው። አስገዳጅ አልነበረም። የተደበቀ አልነበረም። ልጅ እንፈልግ ነበር፤ ወለድንም። ቤይሩት የመጣው ኋላ ነው። ጨርሼ ስጠብቅ ካህኑ ወረቀታቸውን ዘጉና “ወንድሜ፣ ማመልከት መብትህ ነው፤ አልከለክልህም። ከነገርከኝ ግን ጋብቻህ የጸና ነው የሚመስለኝ” አሉኝ።

አላመለከትኩም። ዋሽቼ ምስክር ማሰለፍ እችል ይሆናል፤ ግን የሠርጌን ቀን አውቀዋለሁ። ያቺን ሴትም አላገባኋትም። ነገርኳት፣ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ልጄ ስትተኛ ቤቱ ይከብደኛል። ግን ቁርባኔን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ይህን ለመምረጥ ማንም አላስገደደኝም።

የኔ ታሪክ እንዲህ አለቀ ማለት የሁሉም እንዲህ ያልቃል ማለት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ገላን ነው የምትኖረው። ልጅ ሳለች ከአንድ ልጅ ጋር ቀበሌ ሄደው ተፈራረሙ። ካህን የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ። ብዙም ሳይቆዩ ተፋቱ። ኋላ ሌላ ሰው አገባች፤ እሱንም በክብር መዝገብ። ወልዳ ከብዳ “እኔ ሁለት ባል ያገባሁ ሴት፣ በምን ፊቴ” እያለች ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ ቀርታ ነበር። እኔ ነኝ ጎትቼ አባ ጋ የወሰድኳት። ለካ የመጀመሪያው ጋብቻዋ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ጨርሶ አልጸናም፤ ካቶሊክ ሰው ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚፈጽመው ጋብቻ እንደ ጸና አይቆጠርም። ረጅም ክርክር አላስፈለገም፤ ሰነዱ ተጣርቶ አለቀ። ባሏ ኦርቶዶክስ ስለሆነ የጳጳሱ ፈቃድ መጣ። እሱም ቀድሞ ሌላ አላገባም ነበር። ምስክሮቻቸውና ልጆቻቸው ባሉበት በሥርዓቱ ተጋቡ። አሁን እሷም ትቆርባለች። ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ተጨንቃ ነበር!

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። “እኔም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አላገባሁም” ብሎ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ያገባ ካቶሊክ ነገሩ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ እንዳይመስለው። በኦርቶዶክስ ካህን የተባረከን ጋብቻ የኛ ቤተ ክርስቲያን በመሠረቱ እንደ ጸና ነው የምታየው። በግምት አትወስኑ፤ አስመርምሩ።

የምርመራው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ቀለል ተደርጓል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ አወጡ፤ አንዱ ለላቲን ሥርዓት፣ አንዱ እንደ እኛ ላሉ ለምሥራቅ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት። ቀድሞ “ጋብቻው አልጸናም” የሚል ውሳኔ በሁለተኛ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት መረጋገጥ ነበረበት። አሁን ይግባኝ ከሌለ አንዱ ውሳኔ ይበቃል። ባልና ሚስቱ ከተስማሙና ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ጳጳሱ ራሳቸው የሚፈርዱበት አጭር መንገድም አለ። ለጋብቻው መጽናት የሚከራከር ሰው ግን ሁልጊዜ ይመደባል። አገልግሎቱም በተቻለ መጠን በነፃ እንዲሆን ፍራንቸስኮስ አሳስበዋል። ማንም “ይህን ያህል ስጠኝና እጨርስልሃለሁ” ቢላችሁ አትስሙት። “ልጆቼ ዲቃላ ይባላሉ ወይ?” ብለው የሚፈሩ እናቶችም አሉ። በፍጹም። ጋብቻው አልጸናም ቢባል የልጆቹ ክብር አይነካም።

ሦስተኛ ዓይነት ሰው አለ። የመጀመሪያ ጋብቻው የጸና፣ ግን ተፋትቶ ሌላ ያገባ፣ ከሁለተኛዋም ልጆች ያሉት። አብሮኝ የሚያስቀድስ ጓደኛዬ እንዲህ ነው፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ይህ ሰው አይቆርብም። የመጀመሪያው ቃል ኪዳን እያለ ሁለተኛው ኑሮ ከቁርባኑ ጋር ይጋጫል የሚለው ትምህርት አልተነሳም። ስለ ልጆቻቸው ሲሉ መለያየት የማይችሉ ሰዎች እንደ ወንድምና እህት ለመኖር ከወሰኑ ግን ቁርባን ሊቀበሉ እንደሚችሉ ያው የ1981 ቃለ ምዕዳን ይናገራል። በቀልድ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ።

ጓደኛዬ የተወገዘ ሰው አይደለም። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2015 ለሕዝብ ባደረጉት ትምህርት ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በፍጹም የተወገዙ አይደሉም። ጓደኛዬ ያስቀድሳል፣ ልጆቹን አስጠምቋል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ በቁርባን ሰዓት ተንበርክኮ በመንፈስ ይቀበላል። እኔ ከመንበሩ ስመለስ ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት ቃለ ምዕዳን ምዕራፍ 8 ላይ፣ ካህናት እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር አብረው እንዲጓዙና የእያንዳንዱን ታሪክ ለየብቻ እንዲያስተውሉ ጠይቀዋል። ይህን ክፍል የተለያዩ አገሮች ጳጳሳት በተለያየ መንገድ ተረድተውታል። ስለዚህ የሌላ አገር ካህን በስልካችሁ ሲናገር ሰምታችሁ ተነስታችሁ አትቁረቡ። ማንም ካህን ቶሎ ብሎ “ልዩ ፈቃድ” ይሰጣል ተብሎ እንዳይታሰብ ራሳቸው ፍራንቸስኮስ አስጠንቅቀዋል። ማንም በማያውቃችሁ ቁምስና ሄዳችሁ መቀበልም መፍትሔ አይደለም። የከተማ ሰው ይህን ያደርጋል፤ አውቃለሁ። ከራሳችሁ ካህን ጋር ጀምሩት፣ ጊዜ ስጡት።

በተለይ ለሴቶች የምለው አለ። ባል እየደበደበሽ “ካቶሊክ አይፋታም” እያልሽ አትቀመጪ። የኛም ሕግ ለነፍስ ወይም ለሥጋ አደጋ ሲኖር፣ ለልጆችም ሲያሰጋ መለየትን ይፈቅዳል። ጋብቻ አይፈታም ማለት አብሮ እየኖሩ መሞት ማለት አይደለም። ተለይተሽ ብቻሽን ብትኖሪ ቁርባንሽ አይቀርብሽም። የሚያስፈልግሽ ከሆነም ፍርድ ቤት ሂጂ። “ቻይው” የሚልሽ ሰው ቤተ ክርስቲያን ብላኛለች ካለሽ፣ ካህንሽን ጠይቂ።

ልጆችን በተመለከተ አጭር ነው። የእናትና አባት መፋታት ልጅን ከመጀመሪያ ቁርባን አይከለክልም። ልጄ ትምህርቱን ጨርሳ ቆርባለች። እናቷ በኢሞ አይታታለች። ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ደስ እያለኝ።

ካህን ለማነጋገር ስትሄዱ የጥምቀት ምስክር ወረቀታችሁን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ያዙ። የጥምቀት ወረቀት ለማውጣት የተጠመቃችሁበት ቁምስና መሄድ ስለሚያስፈልግ አገር ቤት ስትገቡ አብራችሁ ጨርሱት። የጋብቻው መጽናት እንዲመረመር የምትፈልጉ ከሆነ ሠርጋችሁን የሚያስታውሱ፣ ያኔ ከነበረው ነገር የሚያውቁ ሰዎችን አስቡ፤ ሚዜም፣ ዘመድም ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ከብበው የሚጠብቋቸው ብዙ ናቸው፤ እዚያ ቆማችሁ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ቀጠሮ ብቻ ያዙና በሥራ ቀን ሂዱ። ስልካቸውን ካላነሱ ደግማችሁ ደውሉ፤ ቀብርና የታመመ ጥየቃ ይበዛባቸዋል።